የማይጫኑት ጀርባ

ኦምዱርማን ውስጥ አልጋ በገመድ በመጠፈር ሐጃ በቱልን የሚስተካከል የለም፤ ይህንን እሳቸውም ያውቁታል፣ ከመናገርም አይቆጠቡም። ዛሬ ግን ሥራቸውን ትተዋል። የአሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ተስኒምን እንደ ትልቅ ሴት በቶብ፣ በሱዳን ሴቶች ረጅም መጠቅለያ፣ ሸፍነው ወጌሻው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ከውስጥ የሰው ጩኸት ይሰማል። ልጅቱ የአያቷን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች።

በዚያ ስታልፍ የነበረች የጎረቤት ልጅ ኢልሃም አየቻቸው። ኢልሃም ሐኪም ቤት ራጅ አንሺ ናት።

«እንደምን ዋሉ ሐጃ! ምነው፣ ሳልጠራ ዳራችኋት እንዴ?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ሕፃን ናት።»

«ታዲያ ለሕፃን ቶብ ምን ይሠራላታል?»

ሐጃ በቱል ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጀርባዋ ወጣ። ሰው እንዳያይብኝ ነው። ወጌሻው በጉልበቱ ተጭኖ ይመልሰዋል።»

ኢልሃም ልጅቱን ጎንበስ አድርጋ በጨርቁ ላይ ዳሰሰቻት። በቀኝ በኩል ጎድኗ ጉብታ ሠርቷል። የኢልሃም ፊት ተለወጠ።

«ሐጃ፣ ይነሡ። ይህ የሚጫኑት ጀርባ አይደለም።»

«ለእናንተ ቢላ ልስጣት? የሰፈራችን የሙርተዳ ልጅ ጀርባው ተቀዶ ሽባ ሆኖ ቀረ!»

«አይተውታል?»

«ሰምቻለሁ!»

«ጠማማ ጀርባ ሁሉ አይቀደድም፤ ዓይነት አለው። አንዱን እየለኩ ይጠብቁታል፣ አንዱን ገላ ላይ በሚታሠር ደጋፊ ይይዙታል፣ ለቢላ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። የሚያስፈራው ዓይነቱን ሳይለዩ መንካት ነው።»

«በራጅ ታይታለች እኮ! ትንሽ ጎበጥ ብሏል ብቻ ነው ያሉኝ።»

«ያ የፊት ለፊቱ ብቻ ነው። እስቲ ይንገሩኝ፣ የአልጋ እንጨት መጠማዘዙን ከፊት ቆመው ያውቁታል?»

አሮጊቷ ተቆጡ። «ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው? ከፊት ሁሉም ቀጥ ያለ ይመስላል። ከግርጌም ከጎንም ዞረሽ ነው የምታዪው።»

«አከርካሪም እንዲሁ ነው፤ ወደ ጎን ይጎብጣል፣ በራሱም ላይ ይጠማዘዛል። አዲሱ መሣሪያችን ከፊትና ከጎን ባንዴ ያነሣና አጥንቱን ሙሉ ቅርጹን ይሠራልናል፤ እንደ አልጋዎ ዞረን እናየዋለን። ለመሆኑ የተጠማዘዘ አልጋ ከፍ ያለውን ማዕዘን ቢጫኑትስ?»

ስንቱ ጀማሪ በዚህ ጥፋት አልጋ ሰብሮባቸዋል! «ሌላው ማዕዘን ይነሣል» አሉ ቀስ ብለው። «አለዚያም… ይሰበራል።»

«የሚቀጥለው!» አለ ወጌሻው ከውስጥ።

ተስኒም ማልቀስ ጀመረች። ሐጃ በቱል ብድግ አሉ። «ሌላ ጀርባ ፈልግ!» ብለው ጮኹበትና ተስኒምንና ኢልሃምን አስከትለው ድልድዩን ተሻግረው ካርቱም፣ ኢልሃም ወደምትሠራበት ሐኪም ቤት ሄዱ።

የተስኒም አከርካሪ ምስል በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ሲዞር ሐጃ በቱል በጣቶቻቸው መሐል ነበር የሚያዩት። አጥንቱ እንደ ተፈተለ ገመድ ሆኗል። ሐኪሙ ዞር ዞር አድርጎ ለካው።

«በደጋፊ የሚያዝ ዓይነት ነው፤ ዕድገቷም አላለቀም። ዓመት ብትቆዩ ኖሮ ግን የምናወራው ስለ ቢላ ነበር።»

«ይቃናል?»

«እንዳይብስ እንታገላለን። በስድስት ወር እንደገና እናያለን።»

ከዚያ ወዲህ ሐጃ በቱል ሴቶች በተሰበሰቡበት ሁሉ ዝም አይሉም። «ልጆቻችሁን ጎንበስ አድርጋችሁ ጀርባቸውን እዩ! አንዱ ጎድን ከሌላው ከበለጠ አትደብቁ፣ አታስጭኑም። በጊዜ ካያችሁት ደጋፊ ይይዘዋል፤ ከተዋችሁት ሳንባ ድረስ ይጫናል።»

በስድስት ወሩ ቀጠሮ ዋዜማ አንዲት ጎረቤት «አይፈሩም እንዴ፣ ብሶ ቢሆንስ?» አለቻቸው።

«እፈራለሁ እንጂ! ስለፈራሁ ነው በማለዳ የምሄደው።»