ማክሰኞ ረፋድ ፋርማሲስቱ የት እንደነበረ

የምስክር ቃል

ቃሉን የሰጠው፦ የተለማማጇ አባት
ዕድሜ፦ 53
የትምህርት ደረጃ፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ
ሥራ፦ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ከፋርማሲው ማዶ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቃሉ የተሰጠው፦ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ በምርመራ ክፍል

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ስለ ጉዳዩ የማውቀው እንደሚከተለው ነው። ዛሬ ጠዋት ከጣቢያው ተደውሎ በፋርማሲው ጉዳይ እንፈልግዎታለን ስባል፣ ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀችውን ማስረጃም የሚያጣሩ መሰለኝ። ስለዚህ ፋይሏን በሙሉ ይዤ መጣሁ። መርማሪው ፋይሉ አያስፈልግም ብለውኛል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከፋይሉ ስለሆነ ይመዝገብልኝ ብዬ፣ ባጭሩ እንድናገር ተፈቅዶልኛል።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፋርማሲ ዶክተር ለመሆን አመልክታለች። የሚጠየቀው ስድስት ነገር ነው። አንደኛ የኬሚስትሪና የባዮሎጂ ውጤት፤ አላት። ሁለተኛ የመግቢያ ፈተና፤ አልፋለች። ሦስተኛ የጤና ምርመራ፤ ሦስት ቦታ ማኅተም ስላለበት እኔ ራሴ ነኝ ይዣት የዞርኩት። አራተኛ የሁለት አስተማሪዎች የድጋፍ ደብዳቤ። አምስተኛ ፋርማሲ ለምን እንደመረጠች ራሷ የምትጽፈው አንድ ገጽ፤ አንብቤዋለሁ፣ እኔን የሚያነሳ አንድ መስመር እንኳን የለውም። መርማሪው እዚህ ላይ ባጭሩ ተባብለን ነበር አሉኝ። ጣጣው ስድስተኛው ነው።

ስድስተኛው፣ አመልካች ፈቃድ ባለው ፋርማሲስት አጠገብ ቆማ ሰማንያ ሰዓት ሥራውን ትመልከት ይላል። ማየት ብቻ ነው። መድኃኒት ለሰው አትሰጥም። ፋርማሲስቱ በሌለበት ደግሞ ባንኮኒው ውስጥ አትቆምም፤ ቆማ ከተገኘች ሰማንያው በሙሉ ይሰረዛል። ሲያልቅ ፋርማሲስቱ ይፈርምላታል። ማመልከቻው ነገ ዓርብ ይዘጋል። ፊርማው እስካሁን የለም።

ፋርማሲስቱን እኛ ሰፈር ዶክተር ነው የምንለው። ከልጄ ጋር እዚያ የዋለ ሌላ ሰው አለ ወይ ተብዬ ስጠየቅ፣ እኔ ነበርኩ ብያለሁ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ፋርማሲው ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ያለችው አግዳሚ ላይ ነበር የምውለው። ልጅ ልምምድ ስትወጣ አባት ፈቃድ ይወጣል ወይ ሲሉኝ፣ ሰዓቷ እንዳይጎድል መቆጣጠር ስላለብኝ ነው አልኩ። ፋርማሲስቱም እንደ መርማሪው ነው የገረመው፤ “አንተ ሰውዬ፣ ዲግሪውን የምትወስደው አንተ ነህ ወይስ እሷ?” እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ።

አሁን የምጠየቅበት ጉዳይ በሰፈራችን ቲቸር ስለሚባሉት ሴትዮ ነው። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፣ እኔንም ስድስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ማክሰኞ ረፋድ ከዚህ ፋርማሲ ኪኒን ወሰዱ። ረቡዕ ጠዋት የእህታቸው ልጅ ወለል ላይ ወድቀው አገኘቻቸው። ሆስፒታል ሲደርሱ ስኳራቸው ክፉኛ ወርዷል ተብሎ ግሉኮስ ተሰጣቸውና ነቁ። ቲቸር ግፊት እንጂ ስኳር የለባቸውም። የእህታቸው ልጅ ለፖሊስ አመለከተች። ልጄ ትናንት እዚህ ቀርባ፣ ፋርማሲስቱ በሌለበት ኪኒኑን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ የስኳር ነው የሰጠሁት ብላለች። ፋርማሲስቱ ደግሞ እኔው ነበርኩ፣ እኔው ነኝ የሰጠሁት፣ የግፊታቸውን ነው ብሏል። የቀረ ሦስተኛ ሰው እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ጭንቅላቴ ዞሯል። ሰው እንዴት በራሱ ላይ ይመሰክራል? ልጄ ትናንት ከጣቢያ ስትመለስ እንዲህ ብያለሁ ብላን ክፍሏ ገባች። እኔና እናቷ ተፋጠን ቀረን። ዛሬ ማለዳ ደግሞ፣ እሷ ለካ ሆስፒታል ሄዳለች፣ ፋርማሲስቱ ቤታችን መጣ። ፋርማሲውን ጥሎ መውጣቱ ከታወቀ ፈቃዱን ይነጠቃል። “እኔ ነበርኩ ካልክ እኔም ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፣ የልጅቱም ሰዓት አይነካም፣ ማታ ፈርሜ አመጣላችኋለሁ” አለኝ። ባለቤቴም “ቲቸር እንደሆኑ ነቅተዋል፣ ከእንግዲህ ማን ይጎዳል? አንተ ብቻ አፍህን ያዝ” አለችኝ። እኔም ሳስበው የሚጎዳ ሰው አጣሁ።

ስለዚህ መርማሪው ኪኒኑን ማን ሰጣቸው ሲሉኝ፣ ፋርማሲስቱ ራሱ፣ የግፊታቸውን፣ ልጄ ቆማ ታይ ነበር ብያለሁ። መርማሪው ጻፉት። የት ቆሞ ሲሉኝ፣ ባንኮኒው ውስጥ አልኩ። ምን ለብሶ ነበር ሲሉኝ፣ ሥራዬ ዕቃ መቁጠር ስለሆነ ከላይ እስከ ታች ዘረዘርኩላቸው። ነጭ ጋውን፤ የደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ፣ አንዱ ክዳን የሌለው፤ ቡናማ ጫማ፤ አንገቱ ላይ የታሰረ ባለ መስመር ፎጣ፤ ግራ ጉንጩ ላይ የሳሙና አረፋ። መርማሪው መጻፋቸውን አቁመው “አረፋ?” አሉ። አዎ፣ የቀኙን ጨርሶ ነበር አልኩ። “ባንኮኒ ውስጥ ነው ፂሙን የሚላጨው?” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደመለስኩ በደንብ አላስታውስም። ውኃ ልጠጣ ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ልጄን ከግድግዳው ተደግፋ ቆማ አገኘኋት። ከሆስፒታል መምጣቷ ነበር። እዚያ የተባባልነውን መርማሪው ስለጠየቁኝ እናገራለሁ። “ምን አልካቸው አባዬ?” አለችኝ። ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፣ አልጮኸችም። “ቲቸርን ከሰዓት ሊያስወጧቸው ነው” አለች። እሰየው፣ ድነዋል ማለት ነው አልኩ። “አልዳኑም። ግሉኮሱ ቶሎ ያልቃል፣ ኪኒኑ ግን ገና ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ቤታቸው ተኝተው ተመልሶ ይወርዳል። እንቅልፍ ነው ተብለው ይቀራሉ።” ታዲያ ለሐኪሙ ንገሪው አልኳት። “ነገርኩት። የሰጠው ባለሙያ የግፊት ነው እያለ፣ አንዲት ተለማማጅ ስላለች አልጋ አልይዝም አለኝ። ምግብ ዘለው ነው ብሎ ጽፏል።”

ኪኒኑን አያይም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ቲቸር ፓኬቱን ጥለው ኪኒኖቹን ከሌሎቹ ጋር አንድ ብልቃጥ ውስጥ ደባልቀዋቸዋል፤ ሁሉም ትንንሽ ነጭ ነው አለችኝ። “ሰዓቱስ?” አልኳት። “ነገ እኮ ነው የሚዘጋው!” “ይዘጋ።” “ስድስተኛው የለማ! ቢያስሩሽስ?” “አባዬ፣ እኔ ያደረግኩትን ተናግሬያለሁ። አንተ ያየኸውን ተናገር። ከኔ ሌላ ያየ አንተ ብቻ ነህ።” እናትሽን ምን ልበላት ስል የግድግዳውን ሰዓት አየች። ውኃውን ሳልጠጣ ተመለስኩ።

ተመልሼ የሰጠሁት ቃል ይህ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ፋርማሲስቱ “መጣሁ፣ አምስት ደቂቃ” ብሎ ሦስት በር አልፎ ያለው ፀጉር ቤት ገባ። ልጄ ያን ጊዜ ከባንኮኒው መውጣት ነበረባት፤ እኔም ደንቡን በቃሌ ስለማውቀው ውጪ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ቲቸር መጡ። እስከ ዛሬ እሳቸው ሲገቡ ብድግ እላለሁ። “ተቀመጥ፣ ድሮም ቆመህ መልሱ አይመጣልህም” አሉኝና ለልጄ የዘወትሬን ስጪኝ አሏት። ልጄ “ቲቸር፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ዶክተር አሁን ይመጣል” አለቻቸው። እኔ ነኝ “የዘወትራቸው አይደል እንዴ፣ ስጫቸው እንጂ፣ ትልቅ ሰው አይጉላላም” ያልኳት። አየችኝ። ደግሜ “ምን ትጠብቂያለሽ?” አልኳት። ዞር ብላ ከመደርደሪያው አንስታ ሰጠቻቸው። ቲቸር “ከአባትሽ ትፈጥኛለሽ” ብለው መርቀዋት ሄዱ።

ከየት አነሳች ተብዬ ስጠየቅ፣ ከሁለተኛው መደርደሪያ፣ ከግራው ረድፍ ብያለሁ። እዚያ ሁለት ዓይነት ፓኬት ጎን ለጎን ተደርድሯል። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ሰማያዊ መስመር ያላቸው፣ የአንድ ፋብሪካ ዕቃ። እኔ ግምጃ ቤቴ ውስጥ የሚመሳሰል ዕቃ ጎን ለጎን አስቀምጬ አላውቅም። የሰው ቤት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ግራው የምኑ እንደሆነ ያኔ አላውቅም ነበር። ዛሬ መርማሪው ትናንት በፖሊስ የተነሳውን ፎቶ ሲያሳዩኝ፣ ግራው የስኳሩ፣ ቀኙ የግፊቱ ነው። ልጄ ከግራው ማንሳቷን በዓይኔ አይቻለሁ፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ቲቸር እንደወጡ ሌላ ደንበኛ የሐኪም ማዘዣ ይዞ ስለመጣ ፋርማሲስቱን ልጠራ ፀጉር ቤት ሄድኩ። “ምነው፣ ቤቱ ተቃጠለ?” ብሎ ከነፎጣው፣ ከነአረፋው ተነስቶ መጣ። መጀመሪያ የዘረዘርኩት አለባበሱ ያን ጊዜ የነበረው ነው። አለባበሱ እውነት ነው፤ ቲቸር ሲመጡ ነበረ ማለቴ ነው ሐሰቱ።

እዚህ ላይ ቃሌን አቋርጬ መርማሪው ሆስፒታል እንዲደውሉ ለመንኳቸው። ጨርሰን እንደውላለን አሉኝ። አሁን ካልተደወለ አንድ ቃል አልጨምርም አልኩ። እኔ ለፖሊስ እንዲህ ብዬ አላውቅም። ደወሉ፤ ሐኪሙን አስጠርተው ያልኩትን አነበቡለት። ቲቸር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የእህታቸውን ልጅ እየጠበቁ ነበር ተባለ። ስልኩ ሳይዘጋ ሲለካ ስኳራቸው መውረድ ጀምሯል። ወደ አልጋቸው ተመልሰዋል፤ ዛሬም ነገም አይወጡም። መርማሪው ይህን ሲነግሩኝ በሩን ከፍቼ ለልጄ ነገርኳት። ቁጭ አለች፤ ወንበር ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ።

የምጨምረው ካለ ተብዬ ስጠየቅ ያልገባኝን ተናግሬያለሁ። አንደኛ፣ ስጫቸው ያልኩት እኔ ሆኜ ሰዓቱ የሚሰረዘው የሷ መሆኑ አልገባኝም። ሁለተኛ፣ ፋርማሲስቱን ልጥላው ወይስ ልዘንለት፤ ልጄን ያለ ክፍያ ነው የተቀበላት። ሦስተኛ፣ ነገ ማመልከቻው ሲዘጋ እሷን ምን እንደምላት። መርማሪው ይህ የፖሊስ ጥያቄ አይደለም ብለውኛል። የማንስ ነው ብያቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ፋርማሲስቱ ነበር ያልኩት ሐሰት ስለሆነ እንዲሰረዝልኝ ጠይቄ ነበር። የተጻፈ አይሰረዝም ስለተባልኩ ከነስህተቴ ይቆይ። የቀረው ሁሉ ተነቦልኝ አድምጫለሁ፣ ያየሁትና የሰማሁት ነው። መጨረሻ ላይ መርማሪው “ይህን ቃል የሰጠሁት ማንም ሳያስገድደኝ ነው” የሚለውን ሲያነቡልኝ፣ ልክ አይደለም፣ ልጄ አስገድዳኛለች፣ ይህ እዚህ ይግባልኝ አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይጻፍም አሉኝ። ካልተጻፈ አልፈርምም ስላልኩ ተጽፏል፤ ፈርሜያለሁም።

የምስክሩ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________