ከኦልሰን ክሪክ ስለተወሰደችው የቆርቆሮ ዶሮና በሆዷ ውስጥ ስላለው ሰው

የቶለር አውራጃ ሸሪፍ ቢሮ፣ ነብራስካ
የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ቬርና ስትሩቭ
ዕድሜ፦ 58
አድራሻ፦ ኦልሰን ክሪክ፣ አሮጌው መንገድ ዳር፣ ከዶሮዋ ፊት ለፊት (ምስክሯ “ዶሮዋ ከነበረችበት ፊት ለፊት” ተብሎ ይታረም ብላለች)
ሥራ፦ የቁርስ ቤት ባለቤት
የትምህርት ደረጃ፦ አሥረኛ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ቅዳሜ ጁላይ 19፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ኩርት ሊንድጋርድ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ቬርና ስትሩቭ፣ በዛሬው ዕለት በማርዴል ከተማ የበጋ በዓል ላይ ሁከት ፈጥረሻል ተብዬ ወደዚህ ቢሮ ከመጣሁ በኋላ፣ ስለጉዳዩ የማውቀውን ከመነሻው እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ሁከት የሚለው ቃል የእኔ አይደለም። ፖሊስ የጠራው ሌባው ራሱ ነው። ይህም ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል።

ዶሮዋ ክላራ ትባላለች። የሠራት ባለቤቴ ዱዌን ስትሩቭ ሲሆን በሙያው በያጅ ነበር። የሠራትም ከአሮጌ የእህል ጎተራ ቆርቆሮና ከማረሻ ብረት ነው። ቁመቷ ከቤታችን ጣሪያ ይበልጣል። ሊሠራት የተነሳው ትልቁ አውራ ጎዳና በማርዴል በኩል ከተዘረጋ በኋላ በእኛ ከተማ የሚያልፍ መንገደኛ በመጥፋቱ ነው። ያኔ ዱዌን “አሪዞና ገደል አላት። ኒው ዮርክ ፏፏቴ አላት። እዚህ ጎረቤታችን ደቡብ ዳኮታ እንኳ ተራራ ላይ የተቀረጹ ፊቶች አሏት። እኛ ምን አለን? በቆሎና ነፋስ። ነፋስ ደግሞ ፎቶ አይነሳም” ብሎ ጋራዡ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ የተተከሉት እግሮቿ ብቻ ስለነበሩ ክረምቱን ሙሉ እንደዚያው ቆመው ከረሙ። ጎረቤቴ ግሌንዳ ባለፈች ቁጥር “ዱዌን፣ ዶሮ ነው የምትሠራው ወይስ ልብስ ማስጫ?” ትለው ነበር። እሱም “ታገሺ ግሌንዳ፣ አንቺም ስትፈጠሪ ከእግር ነው የተጀመርሽው፤ ራስሽ ላይ ሲደርስ ነው ፈጣሪ ጭቃው ያለቀበት” ይላታል። ይህ ለጉዳዩ እንደማይጠቅም መርማሪው ነግሮኛል። ለእኔ ግን ይጠቅማል።

ክላራ ከቆመች ወዲህ ሰው መምጣት ጀመረ። ዱዌን ጀርባውን ስለሚያመው መኪና ውስጥ ብዙ መቀመጥ አይችልም ነበር፤ ስለዚህ አገር ለማየት አልታደለም። እሱ ወደ ግዛቶቹ መሄድ ሲያቅተው ግዛቶቹ ወደ እሱ መጡ። እንግዶቹን የሚጠራቸው በመኪናቸው ታርጋ ላይ በተጻፈው የግዛት ስም ነው። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጦ “ቬርና፣ ሜይን መጣች። ኢዳሆ ቡና ይጨመርላት። ቴክሳስ በልታ ሄደች፤ በሩን ግን እንደ ልማዷ አልዘጋችም” ይለኛል። ኑሯችን ይኸው ነበር፤ አላማርርም።

ከሦስት ዓመት በፊት ሳንባው ታሞ ሲደክም፣ አስከሬኑ እንዲቃጠልና አመዱ በክላራ ሆድ ውስጥ እንዲቀመጥ ተናዘዘ። አመዱ የሚገባበትን የብረት እንቁላል ገና አቅም ሳያንሰው በእጁ ሠርቶ ጨርሶ ነበር። “መንገድ መሄድ ያልሆነለት ሰው መንገድ ዳር ይቀመጥ” አለኝ። እኔም “ዶሮ ሆድ ውስጥ፣ ዱዌን?” ብለው “እኔ በዕድሜዬ ስንቷን በልቻለሁ። አንዷ ብትበላኝ ምን አለበት?” ብሎ እያለቀስኩ አሳቀኝ። እንቁላሉን ሆዷ ውስጥ ያስገባነው ፓስተራችን ከጸለየበት በኋላ ነው። የሆዷም በር በብየዳ ተዘግቷል። ይህን በኦልሰን ክሪክ የማያውቅ ሰው የለም። ቃሌን የሚጽፈው ኩርትም ያውቃል፤ በልጅነቱ ክላራ እግር ላይ ሲንጠላጠል ወድቆ ክንዱን የተሰበረ ጊዜ በረዶ የያዘለት ዱዌን ነው። እናቱ የማርዴል ሰው መሆኗንም አውቃለሁ። ይህን ያልኩት ለክፋት አይደለም።

ማክሰኞ ጁላይ 15 ቀን፣ ረፋድ አራት ሰዓት ገደማ፣ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱና የሥራ ቆብ የደፉ አምስት ሰዎች በክሬን መኪናና በአንድ ረጅም ተጎታች መጥተው በክላራ ዙሪያ መንገድ የሚዘጋባቸውን ብርቱካናማ ሾጣጣዎች ደረደሩ። በእኛ አካባቢ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ መንገድ ላይ ሾጣጣ የሚደረድርን ሰው “ማን ላከህ?” ብሎ የሚጠይቅ የለም። እጅ ይነሳለታል፤ ሙቀት ከሆነ ቀዝቃዛ ነገር ይቀርብለታል፤ መኪናም ቀስ ብሎ ያልፋል። ያደግነው እንዲህ ነው። እኔም ሎሚናት በበረዶ ይዤ ወጣሁ።

አለቃቸው ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ፊቱ ሞላ ያለ፣ አነጋገሩ ቅቤ የሆነ ሰው ነበር። “እሜቴ፣ የቆመችበት ሲሚንቶ ተሰንጥቋል። አንድ ቀን ነፋስ ቢበረታ እንግዳ ላይ ትወድቃለች። ወስደን እግሯን አጠንክረን ለዓርብ እናደርስልሻለን” አለኝ። ሲሚንቶው በእርግጥ ተሰንጥቋል። ለከተማው ምክር ቤት ደጋግሜ ያመለከትኩትም እኔው ነኝ። ስለዚህ “በስንት ልመና መጣችሁ! እግዜር ይስጣችሁ” አልኩት።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቃል በቃል እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ። ሰውየውን እጁን ይዤ “አደራህን፣ ስታነሷት ቀስ በሉ። ባሌ ሆዷ ውስጥ ነው ያለው” አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ስለ እንቁላሉ ነገርኩት። ሲገባው ነጩን ቆብ አወለቀ፤ ደረቱ ላይ አደረገ፤ ራሱን ዝቅ አደረገና “እሜቴ፣ እንደ ገዛ አባቴ ነው የምይዘው” አለኝ። እኔም እንባዬ መጣ። ይኸው ሰው ነው የሰረቀኝ። ሳያውቅ ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቀመጥም ነበር። አውቆ፣ ቆቡን አውልቆ ነው የሰረቀኝ።

የረዳነው እኛ ነን፤ ይህንንም አልደብቅም። የግሌንዳ ባል መንቁሯ እንዳይጫር ከቤቱ ብርድ ልብስ አምጥቶ ጠቀለለላት። ለእኔ ብርቱካናማ ባንዲራ ሰጥተውኝ መኪና እንዳስቆም አደረጉኝ። ከአይዋ ጡረተኞችን ጭኖ የመጣ የቱሪስት አውቶቡስ ደርሶ ነበር። አስቆምኩትና ሾፌሩ በመስኮት “ምን ሆነች?” ሲለኝ “ሐኪም ቤት ልትሄድ ነው፤ እግሯን አሟታል” አልኩት። አሮጊቶቹ አጨበጨቡላት። ክላራ ተጎታቹ ላይ ስትጫን ሁለት የቼሪ ፓይ በካርቶን አሽጌ ለሰዎቹ ሰጠኋቸው። ባሌን ለሚወስዱብኝ ሰዎች ስንቅ ቋጠርኩላቸው ማለት ነው።

ዓርብ አልመጡም። የሥራ ነገር ነው፣ ይዘገያል ብዬ አልተጨነቅሁም። ዛሬ ጠዋት ግን ከቬርሞንት የመጡ ባልና ሚስት ከልጆቻቸው ጋር ቁርስ ቤቴ ገቡ። ሰውየው ባዶውን ሲሚንቶ አየት አድርጎ “ሁለት ናቸው እንዴ? ትናንት ማርዴል አጠገብ ስናልፍ አንዷን አይተናል። የጉዞ መጽሐፋችን ደግሞ ያለችው ኦልሰን ክሪክ ነው ይላል። እኛም ሁለተኛዋን ለማየት ብለን መጣን” አለኝና ስልኩን አሳየኝ። ክላራ ነች። አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ኩክኒዋን ሰማያዊ ቀብተውታል። ሰማያዊ የማርዴል የኳስ ቡድን ቀለም ነው። ከእግሯ ሥር “ማርዴል፣ የክላራ አገር” የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተተክሏል። ልጃቸው “ይህቺኛዋስ የት ሄደች?” ብሎ ጠየቀኝ።

ምድጃውን አጥፍቼ፣ ታጣፊ ወንበሬን መኪና ላይ ጭኜ ከግሌንዳ ጋር ተነሳን። ግሌንዳ መንገዱን ሙሉ “ቬርና፣ አትናገሪ፣ እኔ ልናገር፤ አንቺ ሲከፋሽ ሰው ትመግቢያለሽ” ስትለኝ ነበር። ማርዴል ስንደርስ ክላራ ከአውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ቆማለች። በዓሉ ደምቋል። ወንበሬን በሁለት እግሮቿ መካከል ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ያደረግኩት ይህንን ብቻ ነው። ፎቶ ሊነሳ ለመጣ ሁሉ “እንኳን ደህና መጣችሁ። ዶሮዋ የተሰረቀች ነች። ሆዷ ውስጥ ያለው ባሌ ነው። ዱዌን ይባላል” እያልኩ በትሕትና አስረዳሁ። አንዳንዶቹ ፎቷቸውን ትተው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዲት የኦሪጎን ሴትዮ ጥላዋን ዘረጋችልኝ። ሁከት የተባለው ይኸው ነው።

ቀጥሎ ያ ሰውዬ መጣ። ነጩን ቆብ ሳያደርግ ነው የመጣው። ስሙ ራንዲ ኮስማን መሆኑን፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበርም መሆኑን ያወቅሁት ደረቱ ላይ ከለጠፈው ወረቀት ነው። እየሳቀ “ቬርና፣ ቀልድ እኮ ነው። ከተሞች ድሮም እንዲህ ይጫወታሉ። እናንተስ የዛሬ ስንት ዓመት የትምህርት ቤታችን ኳስ ቡድን ምልክት የነበረችውን ፍየል ሰርቃችሁ የለም?” አለኝ።

“ፍየሏ ሆድ ውስጥ የማንም ባል አልነበረም” አልኩት።

ግሌንዳ “ደግሞም በማግስቱ አጥበን፣ ሪባን አስረን መልሰናታል” አለችው።

እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ተይ እስቲ፣ በክርስቶስ። እናንተ ጋ ማን ያያታል? እዚህ ሃምሳውም ግዛት ያልፋል። ባልሽ ነፍሱን ይማረውና ይሄን ቢያይ ደስ አይለውም ነበር?” አለኝ። ይህ ንግግር ልቤን ነክቶታል፤ አልዋሽም። ዱዌን ሕይወቱን ሙሉ ታርጋ ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ቀና ብዬ አየሁ። ክላራን ፊቷን ወደ አውራ ጎዳናው አዙረው ነው የተከሏት። መኪናው እንደ ጥይት ነው የሚያልፈው። የማንን ታርጋ ለማንበብ? አንዱም ፍጥነቱን አልቀነሰም። ዱዌን የሚያልፍ ሰው አይወድም ነበር፤ የሚወደው የሚቆም ሰው ነው። ይህንኑ ለራንዲ ነገርኩት።

እሱ ግን “እሺ፣ እሱ ካስቸገረሽ በዓሉ ሲያልቅ ሆዷን ቆርጠን እንቁላሉን እናወጣልሻለን። አድራሻሽን ስጪኝ፣ በፖስታ እልክልሻለሁ” አለኝ።

በፖስታ ነው ያለኝ። ግሌንዳ ምስክሬ ነች፤ የኦሪጎኗ ሴትዮም ሰምታለች። እንደ ገዛ አባቴ ነው የምይዘው ያለኝ ሰው ባሌን ቴምብር ለጥፎ ሊልክልኝ ነው። ከዚያ በኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌያለሁ፤ አልክድም። “አባትህንም የሸኘኸው በፖስታ ነው?” ብዬዋለሁ። እጄን ግን አላነሳሁም። መታችኝ ያለው ውሸት ነው። ከወንበሬ አስነሳለሁ ብሎ ሲጎትተው ወንበሩ ታጠፈና ጣቱን ያዘው። ወንበሩ አሮጌ ነው፤ ዱዌንንም ይዞት ያውቃል። ራንዲም ጣቱን እየነፋ ስልክ ደውሎ ፖሊስ ጠራ።

መርማሪው “እትዬ ቬርና፣ ቅጹ ላይ ‘የተወሰደው ንብረት’ ነው የሚለው። ምን ብዬ ልሙላው?” ሲል ጠይቆኛል። እኔም ቆርቆሮው የኦልሰን ክሪክ ሕዝብ ነው፣ እንቁላሉ ውስጥ ያለው ግን ንብረት ስላልሆነ ለብቻው ይጻፍ ብያለሁ። ራንዲን ትከሺዋለሽ ወይስ ትታረቂያለሽ ተብዬም ተጠይቄያለሁ። እስር ቤት እንዲገባ አልፈልግም፤ ሚስቱን አውቃታለሁ፣ ጨዋ ሴት ነች። የምፈልገው የሚከተለው ነው። ክላራ ከነሙሉ ሆድዋ ትመለስልኝ። ማንም መጋዝ እንዳያስነካት። ስትጫን በጎኗ እንዳትተኛ፤ የዱዌን ጀርባ መተኛት አይወድም። ኩክኒዋን የቀባው ሰው ራሱ መሰላል ይዞ መጥቶ ቀይ ይቀባው። ፊቷ እንደ ድሮው ወደ ቁርስ ቤቴ መስኮት ይዙር። ራንዲም ቆቡን አድርጎ ይምጣና የኦልሰን ክሪክ ሰው እያየው ያውልቀው። ከዚህ በፊት ያወለቀውን አልቆጥረውም።

ኩርት እንዲህ ያለ ግዙፍ ጭነት በአሮጌው መንገድ ሲመጣ መኪና የሚያስቆም ሰው እንደሚያስፈልግ፣ ቢሮው ግን ለዚያ የሚመድበው ሰው እንደሌለው ገልጾልኛል። ሰው አይፈለግ። ብርቱካናማው ባንዲራ አሁንም ቤቴ ነው፤ ማክሰኞ ለት ሊወስዱት ረስተውታል። በምትመለስበት ቀን መንገዱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ለሌባ ቆሜ መኪና አስቁሜያለሁ፣ ለባሌማ አልቆምም?

ይህ ቃል ከአፌ እንደወጣ ተጽፎ ተነቦልኛል፤ ያልኩት ነው፤ ሐሰት የለበትም። አንድ ቦታ ላይ “ፖሊስ ጠራ” ከሚለው በፊት “እየነፋ” የሚለው ይቅር ተብዬ ነበር፤ እውነት ስለሆነ እንዲቀር አልፈቀድኩም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ቬርና ስትሩቭ
አብራ የነበረች፦ ግሌንዳ ዊትሶል
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሸሪፍ ኩርት ሊንድጋርድ

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የተወሰደ ንብረት፦ አንዲት የቆርቆሮ ዶሮ። ለብቻው የተመዘገበ፦ አቶ ዱዌን ስትሩቭ፣ የኦልሰን ክሪክ ነዋሪ። ዶሮዋ ነገ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እንድትመለስ ታዝዟል። መንገዱ ላይ ከምስክሯ ጋር እኔም እቆማለሁ።