የአሥራ አራት ሰው እግር

(ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ካህኑ የምእመናንን እግር ሊያጥቡ ጥቂት ሲቀር፣ በቤተ ክርስቲያኑ የወንዶች በር ላይ የሰበካ ጉባኤው አባል አቶ ዘርጋውና የሰንበት ትምህርት ቤቱ መሪ ጽጌማርያም ተፋጠዋል፤ ከብሎኬት ማምረቻው የመጡ አሥራ አራት ወጣቶች ከዋርካው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ።)

ዘርጋው፦ አይገቡም ብያለሁ! ይህን ግማት አስገብቼ ሠላሳ ዓመት ያገለገልኩትን ደብር አላረክስም።

ጽጌማርያም፦ ጋሼ ዘርጋው፣ ገና ቦቲያቸውን እንኳ አላወለቁም እኮ።

ዘርጋው፦ የፈራሁት እሱን አይደል? ሳያወልቁ እንዲህ የሆነ፣ ሲያወልቁማ ጉልላቱ ይወልቃል! ሰኞ ለት ለስግደት ከኋላቸው ቆሜልሽ፣ ግንባሬን መሬት አስነካለሁ ስል አፍንጫዬ አንዱ ካልሲ ላይ አረፈ። ካልሲ ልበለው፣ የሞተ አይጥ ልበለው! ሦስት መቶ ልሰግድ ቆርጬ የመጣሁ ሰውዬ በአሥራ ሁለተኛው ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

ጽጌማርያም፦ እነሱ ግን ሦስት መቶውን ጨረሱ።

ዘርጋው፦ የገዛ እግራቸው ከኋላቸው ነዋ! ሕማማቱን የተቀበልነው እኛ ነን።

ጽጌማርያም፦ ሁዳዴን ሙሉ ማምረቻው በር ላይ እየቆምኩ «ኑ፣ ቤታችሁ ነው» ስል ከረምኩ። ዛሬ ከዚህ ደጃፍ ከተመለሱ ሁለተኛ አላገኛቸውም።

ዘርጋው፦ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አሉ። ወጣት መሰብሰብ ከእኔ አትማሪም? በእኔ ጊዜ አንዴ ብጣራ የሦስት ቀበሌ ወጣት ግልብጥ ብሎ መጥቶ፣ ቅጥሩ ቢጠበው ዛፍ ላይ ወጥቶ አስቀደሰ። ግን ሁሉም ታጥቦ! የእኔን እግርማ ያጠቡ ጳጳስ «ይህ እግር መሬት ረግጦ ያውቃል?» ብለው ጠይቀዋል።

ጽጌማርያም፦ ዛሬስ እርስዎ ታጥበው ነው የመጡት?

ዘርጋው፦ እንዴታ! ሦስት ጊዜ፣ በሽቶ ሳሙና። ካህን ፊት ቆሻሻ እግር ይዘረጋል?

ጽጌማርያም፦ ታዲያ አባ የሚያጥቡት ምኑን ነው?

ዘርጋው፦ አትፈላሰፊብኝ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ቧንቧ አለ፤ ተለቃልቀው ይምጡ፣ በእልልታ እቀበላቸዋለሁ።

ጽጌማርያም፦ ነገርኳቸው። ያ ረጅሙ፣ ታሪኩ የሚባለው፣ «ኑ እናጥባችሁ ተብለን መጥተን፣ ታጥባችሁ ኑ እንባላለን? የሚያጥበን ከሌለ ወደ ሥራችን እንሂድ» አለኝ።

ዘርጋው፦ ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ!

ጽጌማርያም፦ ቁርበት መቼ ጠየቁ? ውሃ ነው የጠየቁት።

ዘርጋው፦ እሱ ታሪኩ ያልሽው ትናንት ሲያወልቅ ተረከዙን አይቼዋለሁ። ስንጥቁ ውስጥ የደረቀው ሲሚንቶ ፎቅ ያቆማል! ከእንግዲህ የዛሬውን ጉልባን በየት በኩል ልውጠው?

ጽጌማርያም፦ ይህ የደብሩ አጥር በማን ብሎኬት የተሠራ ይመስልዎታል?

ዘርጋው፦ ብሎኬቱ አይሸትም! ... እሺ፣ ለአንቺ ስል፣ መጨረሻ ላይ ይግቡ። ሰው ሁሉ ታጥቦ ሲያበቃ።

ጽጌማርያም፦ አልሰሙም እንዴ? አባ ተራውን ቀይረውታል። ዘንድሮ አዲሶቹ ይቀድማሉ፤ የሰበካ ጉባኤ አባላት መጨረሻ ናችሁ።

ዘርጋው፦ እኔ? ከእነሱ በኋላ?

ጽጌማርያም፦ ከታሪኩ ቀጥሎ። አባ እነሱ ሳይገቡ አልጀምርም ብለዋል። ከመለሷቸው፣ ምክንያቱን ለአባ ሕዝቡ ፊት ራስዎ ይንገሯቸው።

ዘርጋው፦ ውሃው ግን ይቀየራል።

ጽጌማርያም፦ የተባረከ ውሃ መሐል ላይ ይደፋል እንዴ ጋሼ? ሳፋው አንድ፣ ውሃውም አንድ።

ዘርጋው፦ እንግዲያው እኔ ዘንድሮ ይቅርብኝ። ወገቤንም አሞኛል።

ጽጌማርያም፦ በየዓመቱ ቀዳሚ የነበረው ዘርጋው ዘንድሮ እግሩን ደበቀ ሲባል፣ ሰዉ ምን ይላል? እግሩ ቆስሎ ይሆን? ወይስ ንስሐ ያልገባበት ነገር አለ?

ዘርጋው፦ ያ ተረከዝ የተነከረበት ውሃ በእኔ ጣቶች መሐል ሊሄድ... ኤጭ! ቧንቧው ውሃ አለው?

ጽጌማርያም፦ አለው። ራሳችንን አናጥብም ብለዋል አልኩዎት እንጂ።

ዘርጋው፦ ማን ራሳቸውን ያጥቡ አለሽ? ሳሙና አምጪ! ድንጋይም አምጪ፣ ሻካራውን!

ጽጌማርያም፦ እርስዎ? በእጅዎ?

ዘርጋው፦ አሥራ አራቱንም! አንድ በአንድ ፈትጌ ነው የማስገባቸው። ታሪኩን አስቀድሚልኝ... ቦቲውን ግን እሱ ራሱ ያውልቅ፤ እኔም ሰው ነኝ!