ተሸካሚዎቹን ያናገራቸው ማን ነው?

ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ከወለንጪቲ ወደ አዳማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ መሐል ወንበር ደረሰኝ። በቀኜ ጋሽ ማስረሻ፣ በግራዬ የታሪክ መምህሯ ዱሬቲ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው። እንዲያ ያለ ክርክር መሐል እንደምገባ ባውቅ ግን የሚቀጥለውን መኪና እጠብቅ ነበር።

ጋሽ ማስረሻ ሃያ ዓመት ሙሉ ቪዲዮ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። የውጭ ፊልም ይከፍቱና ማይክራፎን ይዘው እዚያው በአማርኛ ይተርኩታል። ሰሞኑን ቤቱን የሞላው ፊልም አንድ ፈረንጅ ወርቅ ፍለጋ የአፍሪካ ጫካ ሲገባ የሚያሳይ ነው። ሣጥን ተሸክመው የሚከተሉት ጥቁሮች የሚያወሩት ቋንቋ የማንም አይደለም፤ ዝም ብሎ ጫጫታ ነው። ጋሽ ማስረሻ ታዲያ ሁሉንም በጅምላ «ጓዜ» ብለው ሰየሟቸውና በተሸካሚዎቹ አፍ የራሳቸውን ቀልድ ጨመሩበት። አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። አልዋሽም፣ እኔም ስቄአለሁ።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ?» አለች ዱሬቲ።

«ፈጣሪ ይመስገን፣ መምህር። ምነው ተኮሳተርሽ?»

«ሃፍሳ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ከትምህርት ቤት ከቀረች ዛሬ ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ለቤተሰቧ ‹ሆዴን አመመኝ› ትላለች። አባቷ አብዱናሲር ሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ ያወርዳል፤ ልጆቹ ‹የጓዜ ልጅ› እያሉ ይጠሯታል። ከእንግዲህ አልማርም ብላኛለች።»

«ወይ ጉድ! ልጆች ለተሳደቡት እኔ ምን ላድርግ? ጨዋታ ነው እኮ፣ ልጄ። ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ከርሞ ትንሽ ይሳቅ እንጂ! ደግሞ ፊልሙን የሠሩት ፈረንጆቹ ናቸው።»

«ፈረንጆቹማ ትርጉም የሌለው ጫጫታ ነው ያስጮኋቸው። ተሸካሚዎቹን ያናገሯቸው እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ተቆጡ። «ሃያ ዓመት ስተርክ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም!»

«ይቆጡኝ፣ ግድ የለም። ግን ይመልሱልኝ፤ አንዱ ተሸካሚ ገደል ሲገባ ምን ይላሉ?»

«‹ጓዜ ሄደ፣ ሣጥኑ ግን ተረፈ!›»

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ዱሬቲ ግን ፍንክች አላለችም።

«ፈረንጁ ሲያመልጥስ ማን ያጨበጭባል?»

«ሁሉም! የወደቡ ሠራተኞችማ ቆመው ነው የሚያጨበጭቡት።»

«እነሱም እኮ ዕቃ ተሸካሚዎች ናቸው። ለምን ለፈረንጁ ያጨበጭባሉ?»

«እንዴ፣ ለማን ያጨብጭቡ? ከሱ በቀር ስም ያለው ሰው የለማ!»

የተናገሩት ለራሳቸውም ገባቸው። የተማርኩ ነኝ የምለው እኔ ያላየሁትን እኚህ ሰው በገዛ አፋቸው ሲናገሩት ሰማሁና አፈርኩ።

«ፊልሙን ልዝጋው እንዴ ታዲያ?» አሉ ጋሽ ማስረሻ በዝግታ።

«የለም፣ ጋሼ፤ ሰው ይየው። ብንደብቀው ምን እንማራለን? ብቻ ሰዎቹን እንደ ሰው ያናግሯቸው።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ። ስሙ ከተማውን ዞሮታል።»

«በዚያው ማይክራፎን ይመልሱታላ! ሃፍሳ ክፍሏ እስክትገባ ድረስ እርስዎን አልለቅም።»

በማግስቱ እሑድ እኔም ሄድኩ። ቤቱ ጢም ብሏል። ፈረንጁ ወንዝ ዳር ቆሞ «ይህን አገር ያገኘሁት እኔ ነኝ» ሲል ጋሽ ማስረሻ እንዳለ ተረጎሙት። ቀጥለው በተሸካሚው ድምፅ፣ «ጌታው፣ እኛ እኮ ከብቶቻችንን የምናጠጣው እዚሁ ነው» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ፤ የዚያን ቀን የተሳቀው ግን በፈረንጁ ነበር። ተሸካሚው ገደል ሲገባ ፊልሙን አቆሙት።

«ይህ ሰው እናት ነበረው፣ ስም ነበረው። ፊልሙ ስሙን ነፈገው፤ እኔ ደግሞ ሰደብኩት። በእኔ ስድብ የተነሣ አንዲት ተማሪ ከትምህርቷ ቀርታለች። አብዱናሲር፣ ልጅህ ናት። ይቅር በለኝ።»

አብዱናሲር ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«እኔም አብሬ ስቄአለሁ፣ ጋሽ ማስረሻ። የምስቀው በልጄ ላይ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

ሃፍሳ ሰኞ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ በቪዲዮ ቤቱ ከፊልም በኋላ ሩብ ሰዓት ውይይት አለ። ልጆቹ «ይህን ታሪክ የሚያወራልን ማን ነው?» ብለው መጠየቅ ለምደዋል፤ ተመልካቹም አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ፊልም እንይ፣ እንሳቅም፤ ግን የምንስቀው በማን ላይ እንደሆነ እንወቅ። ወገናችን ገደል ሲገባ እያጨበጨብን ያሳደግነውን ልጅ፣ ነገ «ቀና ብለህ ሂድ» ብንለው አይሰማንም።