ከበሮውን ለቆንጅት ሳስረክብ

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር መሪጌታ ይርጋ፣ የመዝሙር እኅቶቼና ወንድሞቼ፤

ገና ጎተራው ባልሞላበት ጊዜ ይህን ንፍሮ ቀቅላችሁ፣ ጠላውንም ጠምቃችሁ ስለሸኛችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ያመጣ ሰው መኖሩን አውቃለሁ። የሰጠ እጅ አይንጠፍ።

ንግግር አልችልበትም። እስከ ዛሬ ስለ እኔ ሲናገርልኝ የኖረው ከበሮው ነው። ዛሬ ግን አንገቴ ላይ የለም፤ እንግዲህ ራሴ ልሞክር።

መሪጌታ ትናንት ምን አሉኝ? «ሮቢት እኮ እዚህ ነው። አውቶቡስ ሞልቷል፤ እሑድ እሑድ እየመጣሽ ምቺልን።» እውነታቸውን ነው። ሮቢት ወንድሜ ዘንድ መግባቴ ከበሮውን አያስተወኝም ነበር። ያስተወኝ እጄ ነው። ምክንያቱን ሳልነግራችሁ ብሄድ ተቀይማ ሄደች ትላላችሁ፤ አልተቀየምኩም።

ከበሮ ማንም አላስተማረኝም። ጥቂቱን ሰርግ ቤት አየሁ፣ ጥቂቱን ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ከደጅ ቆሜ ሰማሁ፣ የቀረውን በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ሞከርኩት። መጀመሪያ እዚህ ያነሣሁት ቀን አባባ አራጌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ሴት ከበሮ ስትመታ ዝናብ ይሸሻል» አሉ። «ዝናቡማ ከሸሸ ቆየ አባባ፤ ምናልባት ብመታው ይመለስ ይሆናል» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ከፊት ቆመው የሚያጨበጭቡልኝ እሳቸው ነበሩ።

አዲሶቹ ተናኜን አታውቋትም። የመዝሙር ማኅበራችን አውጪ እሷ ነበረች። እሷ ታወጣለች፣ ሌላው ይቀበላል፣ እኔ እመታለሁ። «ተናኜ ጎብዬ ገበያ ሆና ብትጣራ ቆቦ ላይ አቤት ይባላል» እያልን እንቀልድባት ነበር።

አምና በስድሳ ስድስት መግቢያ የረኃብተኞቹ መጠለያ በሰው ሲሞላ፣ ከቅዳሴ በኋላ እየሄድን ውኃ እንቀዳላቸው፣ እንዘምርላቸውም ነበር። አንድ እሑድ ተናኜ ከእኛ ጋር አልመጣችም። ያለ አውጪ ሄድን። ስንደርስ ከተቀመጡት ሰዎች መሀል ግድግዳ ተደግፋ አገኘናት።

እሷ ናት ቀድማ የተናገረችው። «ምን ታፈጡብኛላችሁ? አውጪ አጥታችሁ መጣችሁ አይደል? በሉ ተቀበሉ!»

ከተቀመጠችበት አወጣች። ተቀበልን። ምን ልናደርግላት እንችል ነበር? የማንኛችን ቤት ነው እህል የነበረበት? የተገኘውን በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን እንወስድላት ነበር፤ አልበቃም።

በየሳምንቱ ትንፋሿ አጠረ። መዝሙር መቼም ቀስ ብሎ ይጀምርና ወደ ጭብጨባው ሲደርስ ይፈጥናል። እኔ ማፍጠኑን ተውኩት። እሷ ቃሉን እስክትጨርስ፣ አየር እስክትስብ እጠብቃለሁ። መሪጌታ ግራ ገብቷቸው፣ «ደብሪቱ፣ ከበሮው ሞተብሽ እኮ!» አሉኝ። ተናኜ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ይተዋት መሪጌታ፣ እየጠበቀችኝ ነው» አለቻቸው።

ከአጠገቧ ሙሚና የምትባል የዋጃ ሴት ነበረች። ሙስሊም ናት፤ በሀገሯ ለመንዙማ ድቤ ትመታ ነበር። ስትሰማኝ ቆይታ እጄን ያዝ አደረገችና፣ «እቴ፣ እየመታሽ አትጠብቂያት፤ ያጣድፋታል። በእኛ ዘንድ አውጪው ሲደክመው ድቤው ጭራሽ ዝም ይላል። እጅሽን አንሥተሽ አቆዪው» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ። ተናኜ ፈገግ ስትል አየኋት።

ከጥምቀት በፊት በነበረው እሑድ ተናኜ የመዝሙሩን መጀመሪያ አለች፤ ግማሹ ላይ ቆመች። እኔም እጄን እንዳነሣሁ ጠበቅኋት። ሁላችንም ጠበቅናት። ሙሚና ወደ አፏ ጠጋ ብላ አዳመጠች፤ ነጠላዋን ስባ ፊቷን ሸፈነችላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «በቃ እቴ፣ አውርጂው» አለችኝ። እጄን ማለቷ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮው እንደ ሥርዓቱ ዐረፈ። እኔም አብሬው ተደበቅሁ። ለትንሣኤ ሲነሣ እጄ እየዘገየ አስቸገረኝ። «ረኃቡ ጎድቷት ነው፣ ስትበላ ይመለስላታል» አላችሁ። በላሁ። ክረምቱም ጣለ፣ ማሽላውም በቀለ። እጄ አልተመለሰም። ደመራ ላይ እናንተ በደስታ ስትዘሉ እኔ ወደ ኋላ ስጎትታችሁ አይታችኋል። ቆንጅት ናት ጠጋ ብላ የጠየቀችኝ፤ «እታለም፣ ማንን ነው የምንጠብቀው?»

አንገትሽን አትድፊ ቆንጅት። አንቺ ከክረምት ወዲህ የመጣሽ ልጅ በምን ታውቂያለሽ? ጥያቄሽም ልክ ነበር። እኔ መልሱን ሳስብ ሰነበትሁ። የምጠብቃት አትመጣም፤ እጄ ግን ይህን እሺ አይለኝም። ለደስታችሁ እንቅፋት ሆኜ ከምቀመጥ ከበሮውን ደስታ ለሚችል እጅ ብሰጠው ይሻላል።

ስለዚህ ውሰጂው። በዝናብ ወራት ቆዳው ይላላል፤ ሳትመቺው በፊት ፀሐይ አሳዪው። ማንገቻው ትከሻ ይቆርጣል፤ ጨርቅ ጠምጥሚበት። ድምቀቱ አያታልልሽ፤ ከበሮ መሪ አይደለም፣ የዘማሪ ተከታይ ነው። ጠንካራውን ለመከተል ሁሉም ይችላል። አንቺ ከዳር የተቀመጠውን፣ ትንፋሽ ያጠረውን ስሚው።

መሪጌታ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ልጆችዎን ይባርክልዎ። ሙሚናም ዋጃ ገብታ እርሻዋን ይዛለች አሉ፤ ያገኛችኋት ሰላም በሉልኝ። ለእናንተም የዘራችሁትን ለፍሬ ያብቃላችሁ፤ ዝናቡ በወቅቱ ይምጣላችሁ፤ ማጀታችሁ አይጉደል። መዝሙር ይዛችሁ ከምትሄዱበት ሕዝብ መሀል የራሳችሁን ሰው ከማግኘት ይሰውራችሁ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለመኸር የምትዘምሩበት ዘመን ያድርግላችሁ። አሜን በሉ።

በይ ቆንጅት፣ አንሺው። እስከ ጭብጨባው አድርሺው፤ አትፍሪ። እኔም እዚሁ ቆሜ አጨበጭባለሁ። ጭብጨባዬ ወደ ኋላ ቢቀር እናንተ ቀጥሉ።