የአባ ፊጣ የመጨረሻ ቃል

አልዋሻችሁም፤ የፒክአፔን ማርሚታ፣ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ፣ ጅማ በቾ ቦሬ ያለ በያጅ ጋ ያስቆረጥኩት ድምፁ እንዲያጓራና ሰው ዞር ብሎ እንዲያየኝ ብዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሸቤ ያሉት አጎቴ አባ ፊጣ በጠና ታመሙ። ከፒክአፑ ኋላ ፍራሽ አንጥፈን አስተኛናቸው፤ ልጃቸው ዘሀራ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ እኔም ወደ ጅማ ሆስፒታል ነዳሁ። እዚያ ደርሼ ሞተሩን አጥፍቼ ስወርድ ዘሀራ የአባቷን ፊት በሻሿ ሸፍናለች።

«መቼ ነው?» አልኳት።

«መንገድ ላይ፣ ሰቃ ሳንደርስ። ቁም እያልኩ መስታወቱን ስደበድብ ነበር።»

«ወላሂ አልሰማሁም።»

«እኔም አልሰማሁም» አለች ቀስ ብላ። «አፉ ይንቀሳቀስ ነበር። ሸሃዳ ይሁን ኑዛዜ እንጃ፤ ጆሮዬን አስጠግቼ የሰማሁት ያንተን መኪና ብቻ ነው።»

እሳቸውን ለማውረድ የፍራሹን ጫፍ ያዝኩ።