ለዘር የተተወው ካሮት

ከሮቢት ወደ ቆቦ በሚሄደው ሚኒባስ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ አጠገባቸው ካሮት የታቀፈውን ሰውዬ አናገሩት።

«ልጄም ካሮት ይዘራ ነበር። ድሮ ቀጭን፣ መራራ የዱር ሥር ነበር ይለኝ ነበር።»

«እውነቱን ነው፣ እናቴ። ወደ ፋርስ አገር ነው አሉ፣ ጣፋጩን ለዘር እያስቀሩ ያላመዱት።»

«እሱም ሲነቅል ጥሩ ጥሩውን ለዘር ብሎ ማሳው ላይ ተወው።»

«ታዲያ አበባ አወጣ?»

«አወጣ። ማሳው ነጭ በነጭ ሆነ። ልጄን ግን ይህን ሳያይ ወባ ወሰደብኝ።»

«አላህ ይዘንለት። ዘሩ ደርቆ ይሆናል፤ ሳይረግፍ ቢለቅሙት ጥሩ ነው።»

«መልቀሙ መች ጠፋኝ፣ ወንድሜ? ከለቀምኩት እኮ እጁ ያረፈበት ነገር ማሳው ላይ አይቀርም።»

መውረጃዬን «ወራጅ አለ» ሳልል አለፍኩት።